ት የጎደላት ደሴት

ኮልፌ ቀራንዮ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣ ካሉበት ደሴ።

እንዴት ነዎት? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያ መንዳት ያመጣብዎት የወገብ ሕመም ተሻለዎት ወይ? እዚያ ቤት ያሉትስ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ደህና ናቸው? እኛ ሁላችንም በጤና አለን፤ እማዬም፣ ዋጋነሽም፣ ዘመነችም፣ እኔም። እኔማ ከደህናም በላይ ነኝ። ቢያዩኝ አያውቁኝም። የቤታችንን በር ጎንበስ ብዬ ነው የምገባው።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር አንተ ልበል እርስዎ ልበል እያልኩ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ድሮ አንተ ነበር የምልዎት። ትከሻዎ ላይ ተቀምጬ ፍጠን ስልዎት እንደ ፈረስ ይሮጡልኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ግን ረጅም ነው፤ እጄ አንተ ብሎ ለመጻፍ አልደፈረም። ስለዚህ እርስዎ ብያለሁ። ይቺን እንደ ጨዋነት ይቁጠሩልኝ።

የት እንዳሉ ማን ነገረው ብለው ይገረሙ ይሆናል። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ፍሪሲዮን ሊያስቀይር ጋራዣችን መጣ። ስሜን ከነአባቴ ሲሰማ፣ "እንዴ! የዚያ የኛ ጓደኛ ልጅ ነህ? ድምፅህ ራሱ ቁርጥ እሱን!" አለ። መንዳት እንደተዉ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ እንደከፈቱ፣ ሚስትና ሁለት ልጆች እንዳሉዎት ሁሉንም አወራልኝ። ደስ ብሎት ነው የሚያወራው፤ የማላውቅ አልመሰለውም። እኔ መኪናው ሆድ ስር ተኝቼ ስለነበር ፊቴን አላየውም። መፍቻው ከእጄ አምልጦ ግንባሬን ፈነከተኝ። ጠባሳው ያምርብሃል ይሉኛል። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎትም ይኸው ሰውዬ ነው፤ ሻይ ይጋብዙልኝ።

ስለኔ ትንሽ ላውራልዎት፤ ሌላ ሰው አሳንሶ ሳይነግርዎ። እኔ የአቶ ወንድይፍራው ጋራዥ፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ነው የምሠራው። ያለኔ ጋራዡ አይከፈትም። መኪና ገና ከአስኮ ቁልቁል ሲመጣ ድምፁን ሰምቼ በሽታውን እናገራለሁ። ይሄ ኩሽኔታው አልቋል፣ ያኛው ቫልቩ ይንኳኳል እላለሁ፤ ሲፈታ እንዳልኩት ነው። ሽማግሌ መካኒኮች ይናደዱብኛል። አቶ ወንድይፍራው ራሳቸው "አንተ ልጅ የአፍህን ያህል እጅህ ባይሠራ ኖሮ ድሮ አባርሬህ ነበር" ይሉኛል። ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ በቃኝ ብያለሁ። ዓመቱ የትኛው እንደሆነ እርስዎ አይጠፋዎትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቤተሰባችንን ለእረፍት ይዤ ልሄድ ነው። አዎ፣ እረፍት! እንደ ትልልቅ ሰዎች ቤት።

ነገሩን የጀመረችው ዋጋነሽ ናት። እርስዎ ሲሄዱ አምስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ጭንቅላቷ ምላጭ ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት አስተማሪያቸው ክረምቱን የት እንዳሳለፋችሁ ጻፉ አላቸው። አንዷ ላንጋኖ ብላ ጻፈች፣ አንዱ ቢሾፍቱ፣ አንዱማ ምፅዋ ድረስ ሄጄ ባሕር ዋኘሁ ብሎ ሁለት ገጽ ሞላ። የኔ እህት "ክረምቱን ቤታችን አሳለፍኩ። ዝናብ ነበር።" ብላ ሰጠች። አስተማሪው በቀይ "አጭር ነው" ብሎ መለሰላት። ደብተሩን ስታሳየኝ እየሳቀች ነበር፣ ግን ሳቋ አልጣመኝም። የዚያኑ ለት፣ "የጓደኞችሽ ቤተሰብ አይቶት የማያውቅ ቦታ ነው የምወስዳችሁ። ደሴት!" አልኳት። "ደሴት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?" ብላ አሾፈችብኝ። አውቃለሁ! አይቼዋለሁ!

አምና የአንድ ፈረንጅ ላንድሮቨር ወንጪ ላይ ቆሞበት አቶ ወንድይፍራው እኔንና ባጫን ላኩን። ባጫ የሥራ ጓደኛዬ ነው፣ አገሩም እዚያው ወንጪ ነው። መኪናውን በግማሽ ቀን አስነሳሁት። ባጫ ካቻቢቴ አቀብሎኛል፤ ድርሻውን አልክድም። ከዚያ ባጫ ና ላሳይህ ብሎ አፋፉ ላይ አወጣኝ። አባቴ፣ እኔ ብዙ ነገር የሚያስደንቀኝ ሰው አይደለሁም፤ እዚያ ግን መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ተራራው መሐሉ የለም። እንደ ድስት ጎድጉዶ፣ ታች ሰማያዊ ውሃ ተኝቷል። ውሃው መሐል ደግሞ ዛፍ የለበሰች ደሴት፣ እሷ ላይ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን። ፈረንጁ በተሰባበረ ጣልያንኛ ለባጫ ሲነግረው፣ ይሄ ተራራ ድሮ እሳት ሲተፋ የኖረ ነው፣ ተንቦግቡጎ ተንቦግቡጎ አናቱ ፈነዳና እሳቱ ሲጠፋ ጊዜ ውሃ ሞላው አለ። ዋጋነሽ እሳተ ገሞራ ነው የሚባለው ትላለች። ከመንገዱ ዳር ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ቀላል ድንጋይ አንስቼ አመጣሁ። እሳት የበላት ድንጋይ ናት። እማዬ አሁን ተረከዟን ትፈትግባታለች።

እናም ዕቅድ አወጣሁ። አቶ ወንድይፍራው ላንድሮቨራቸውን ለሁለት ቀን ሊሰጡኝ ተስማሙ። የባጫ አጎት ገሜዳ የሚባሉ ሰውዬ ታንኳ አላቸው፣ ወደ ደሴቷ የሚያሻግሩት እሳቸው ናቸው። ጥር 15 ቅዳሜ ነው፣ የቂርቆስ ንግሥም ነው፤ እማዬ ለዚህ እንኳ እምቢ አትልም አልኩ። ግን እማዬን ያውቋታል። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ውጭ አድራ አታውቅም። ሳንሱሲ ለቅሶ እንኳ ሄዳ ሳይመሽ ትመለሳለች። ቤቱን ባዶ አልተውም ትላለች። ማን ይመጣል ብላ እንደሆነ ጠይቀናት አናውቅም።

ስለዚህ ነገሩን እንደ መሥሪያ ቤት ማድረግ አለብኝ አልኩ። ንጹሕ ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፍኩና የምግብ ቤት ሜኑ ይመስል ግድግዳው ላይ፣ ከተለጠፈው ጋዜጣ በላይ ለጠፍኩት። "የቤተሰባችን እረፍት። ቦታ፦ ደሴ። ቀን፦ ጥር 15። የሚሄደው፦ ሁላችንም። መኪና አለ።" እማዬ ማንበብ ስለማትችል ዋጋነሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላት። እማዬ ምስር እየለቀመች ነበር። እጇ ቆመ። "ሁላችንም?" አለች። "ሁላችንም" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ምስሩን ወደ ጎን አደረገችና "እሺ" አለች።

እሺ! እማዬ! የሰው ሠርግ ላይ እንኳ ተለምና የምትሄድ ሴት! የዚያን ለት የተኩራራሁትን መናገር ያሳፍረኛል። ጋራዥ ሄጄ ለሁሉም አወራሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። እማዬ ሳጥኑን ከፈተች። ያ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነው ቀሚሷ ወጣ። የእርስዎ ጋቢ ወጣ፣ ታጠበ፣ ፀሐይ ላይ ዋለ። በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጀች፣ ለግማሽ ቀን መንገድ የአንድ ሳምንት ስንቅ! ሹሩባ ተሠራች። ለዘመነች አዲስ ቀሚስ አሰፋች።

ዘመነችን አያውቋትም። እርስዎ በሄዱ በአምስተኛው ወር ነው የተወለደችው። ሁለተኛ ክፍል ናት፣ አፏ እንደኔ ነው። ሰው "አባትሽ የት ነው?" ሲላት "መንገድ ላይ" ትላለች። እኛ አይደለንም ያስተማርናት፤ ሹፌር ነው ሲሏት ጊዜ ራሷ ያገኘችው መልስ ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እማዬ ዘመነችን ጉልበት መሳም ታለማምዳታለች። ዝቅ ብለሽ፣ ሁለቱንም ጉልበት፣ ስምሽን ተናግረሽ ትላታለች። ደሴቲቱ ላይ ላሉት መነኮሳት መሰለኝ። "መነኩሴ መስቀሉ ነው እንጂ የሚሳመው ጉልበቱ አይደለም" ብዬ ሳቅኩባት። ቀና ብላ አየችኝና "አንተ አትግባበት" አለችኝ።

ያኔ እንኳ አልገባኝም። እኔ መኪና በድምፁ የማውቀው!

ከሁለት ሳምንት በፊት ራት እየበላን፣ "ጣርማ በር ላይ ብርዱ ኃይለኛ ነው ይባላል፤ ለልጅቷ አንድ ሹራብ ይበቃት ይሆን?" አለችኝ። "የምን ጣርማ በር?" አልኳት። "መንገዱ ላይ ያለው ነዋ" አለች። አባቴ፣ እርስዎ መንገዱን ከኔ በላይ ያውቁታል። ወደ ወንጪ ቡራዩ አለ፣ ሆለታ አለ፣ ጊንጪ አለ። ጣርማ በር የለም። ጣርማ በር ያለው ወደ እርስዎ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

ተነሥቼ ግድግዳው ጋ ሄድኩ። የገዛ ጽሑፌን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ደ። ሴ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

በማግሥቱ ዋጋነሽን ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ያዝኳት። "አንቺ ስምንተኛ ክፍል ደርሰሽ ፊደል ሲጎድል አታዪም?" ብዬ ጮኽኩባት። "አይቻለሁ" አለችኝ፣ እንስራዋን እንኳ ሳታስቀምጥ። "እያየሽ ነው ደሴ ብለሽ ያነበብሽላት?" አልኳት። "የተጻፈውን ነው ያነበብኩት። ላርም ስል እማዬ እሺ አለች። እሷ እሺ ስትል ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ ማረም አቃተኝ" አለችኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ምላስ አላት ብዬዎት የለ፣ "ለመሆኑ ደሴት መጻፍ ከብዶህ ነው ወይስ ደሴ መጻፍ ናፍቆህ?" አለችኝ።

ሰው ፊት ነው ያለችኝ። እንስራዋን ተቀብያት ወረፋው ላይ ቆምኩ። እኔ እንስራ የምሸከም ሰው አይደለሁም።

እውነቱን ልንገርዎት። ያ ሹፌር ስለ እርስዎ ያወራልኝ ወረቀቱን ከመጻፌ አራት ቀን በፊት ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ እማዬና ዋጋነሽ ግን ደሴ እንዳሉ ከኔ በፊት ከሰው ሰምተው ኖሯል። ደሴ የምትለው ቃል አራት ቀን ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ልቅ ብሎን ስትንኳኳ ነበር። ስለዚህ ት የጎደለችው ከትምህርቴ ማነስ ይሁን ከሌላ ነገር እኔ ራሴ አላውቅም። ያሰብኩት ግን ደሴት ነው። ይመኑኝ።

ለእማዬ በአፌ መናገር አልቻልኩም። ሦስቴ ጀመርኩ፣ ሦስቴም ሌላ ወሬ አወራሁ። መጨረሻ ላይ እነሱ በሌሉበት እስክሪብቶ አንስቼ ትን ጨመርኳት። የፊተኛው ጥቁር ነበር፣ አሁን ያገኘሁት እስክሪብቶ ሰማያዊ። ከሩቅ ትታያለች። እማዬ ፊደል ባትቆጥርም ዓይኗ አይስትም። እንደገባች አየቻትና ዘመነችን ጠርታ "ይቺ ሰማያዊዋ ምንድን ናት?" አለቻት። "ት" አለች ዘመነች። "እስቲ ከፊተኞቹ ጋር" አለቻት። ዘመነች ደ፣ ሴ፣ ት ብላ አንድ ላይ ስትገጥመው "ደሴት! ደሴት ነው የምንሄደው!" እያለች መዝለል ጀመረች። ከዚያ ደሴት ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። እማዬ መለሰችላት፦ "ውሃ የከበበው አገር ነው። በእግር የማይደረስበት።"

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እማዬ ወደኔ ዞረችና፣ "ከመጀመሪያውም ደሴት ነው የሰማሁት። ሌላ ምን ልሰማ ኖሯል?" አለችኝ። ድምፅዋ ደህና ነበር። ቀሚሱን ወደ ሳጥኑ መለሰች። የአንድ ሳምንቱን ስንቅ ቀንሳ ለጎረቤት ሰጠች። እኔ ቀረሁ ትላለች ብዬ ስጠብቅ አላለችም። እሺ ካልኩ ብያለሁ፣ ውሃም ላይ ቢሆን እሄዳለሁ አለች። የእርስዎ ጋቢ ግን ከስንቁ ቅርጫት አልወጣም። ታጥፎ ላይኛው ላይ ተቀምጧል። "ይሄስ?" አልኳት። "ውሃ ላይ ይበርዳል" አለችኝ። እኛ ሁላችንም የየራሳችን ልብስ አለን እኮ አልኳት። "አንተ አትግባበት" አለችኝ እንደገና።

የዚያን ለት ልቧን ላሳርፍ ብዬ የተራራውን ነገር አጫወትኳት፤ እሳት እንደነበረ፣ እንደፈነዳ፣ ውሃ እንደሞላው። ድንጋይዋን በእጇ እያገላበጠች ሰማችኝና "እንዲያ ሲነድ የነበረ ቦታ ውሃ ይይዛል?" አለችኝ። በዓይኔ አይቻለሁ አልኳት። "እስኪበርድ ስንት ዓመት ፈጀበት?" አለች። ፈረንጁ በሺህ የሚቆጠር ነው ብሏል አልኳት። "ኧረ! ይሄማ በዛ" አለችና ሳቀች። በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያኔ ነው። እኔም ሳቅኩ። በኋላ ተኝቼ ሳስበው ግን ስለ ተራራው ነው የጠየቀችኝ ወይስ ስለናንተ ሁለታችሁ አልኩ። ያን ጊዜ ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ የምትጣሉትን አልረሳሁም። ዋጋነሽ ታለቅስ ነበር፣ እኔ ጆሮዋን እይዝላት ነበር። የመጨረሻው ለት የጥምቀት ማግሥት ነበር። ለፋሲካ እመጣለሁ ብለውኝ ነው የሄዱት። ለየትኛው ፋሲካ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ልጅ ነበርኩ።

ቂም የለኝም ብል ውሸት ነው፤ እኔ ጉረኛ እንጂ ውሸታም አይደለሁም። ቂሙ አለ። ግን ሥራ ይበዛብኛል፣ ቁጭ ብዬ አላጫውተውም።

ደግሞ ውሸታም አይደለሁም ካልኩ አንድ ነገር ላርም። ያለኔ ጋራዡ አይከፈትም ያልኩት ቁልፉ እኔ ጋ ስለሚያድር ነው። ላንድሮቨሩንም የምነዳው እኔ አይደለሁም። መንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለቴ ወድቄያለሁ፤ መሪው ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ። የሚነዳው ባጫ ነው። እሱ አፋፉ ላይ ከመኪናው ጋር ይቀራል፣ እኛ በፈረስ ወርደን ወደ ታንኳው እንሄዳለን። ገሜዳ ከአምስት ሰው በላይ አልጭንም፣ ከአምስት ቢያንስም ታንኳዬ ሚዛን አይጠብቅም ይላሉ አሉ። ይሄን የሚሉት እውነት ይሁን ሰው ለማብዛት አላውቅም። ባጫ ስንት ናችሁ ልበላቸው ሲለኝ አምስት በላቸው አልኩት። ባጫ ጣቱን ቆጠረና አየኝ። ከዚያ አምስት ብሎ ላከባቸው። ጓደኛ ማለት እሱ ነው።

ቅዳሜ ጥር 15 ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከቤት እንነሣለን። አስኮ ስንደርስ፣ የአውቶቡሱ ፌርማታ ጋ፣ ባጫ ጎማ ልይ ብሎ መኪናውን ያቆማል። ጎማው ምንም አይሆንም፤ እኔ ራሴ ነኝ የማየው። ባጫ ብሎን ማጥበቅ አይቸኩልም፣ እኔም ቶሎ በል አልለውም። እማዬ ጎማው ነው የሚመስላት። ወይም አይመስላትም። እሷን ማወቅ ድሮ ትቻለሁ።

እዚያ ቤትዎን ትተው ይምጡ አላልኩም። ይህን የጻፍኩት ማንንም ከማንም ልነጥቅ አይደለም፤ እዚያ ያሉትም ልጆች ጆሯቸውን የሚይዝላቸው ሰው አይጡ። እንዲያስረዱን፣ ይቅርታ እንዲጠይቁን፣ እንዲያለቅሱልንም አይደለም። አንድ ቀን ነው። አንዲት ልጅ ጉልበት መሳም ተለማምዳለች፤ በከንቱ እንዳይሆንባት ነው። ባይመጡም እንሄዳለን። ዋጋነሽ ሁለት ገጽ የሚሞላ ነገር ታያለች፣ ታንኳው ላይ ባዶ ቦታ ቢኖር ስንቁን እናስቀምጥበታለን።

ይህን ደብዳቤ ዋጋነሽ ላርምልህ ብትለኝ እምቢ አልኳት። የተሳሳተ ካለ የኔ ነው። ደሴት የሚለውን ግን በሄድኩበት ሁሉ ተመልሼ አይቻለሁ፣ ት አለችበት።

በሉ እንግዲህ። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያበርታልዎ፣ ወገብዎን ያሽርልዎ። ቤትዎ ያሉትን ይጠብቅልዎ፣ እነሱም እርስዎን ይጠብቁ። ቂርቆስ መንገዱን ጥርጊያ ያድርገው፣ ጣርማ በር ላይ ጉሙን ይግፈፈው። ሳንተያይ አያስረጀን። አሜን።

አባዬ፣ አስኮ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። ግን ለብርዱ ብለህ ምንም አትሸከም። ጋቢህ ታጥቧል።

ልጅህ